ጧሪ የሚያስፈልገው አገልጋይ፦ ግራሃም፣ ፓከርና ስቶት ስለ ጡረታ

ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ስለ አገልግሎት አጀማመር የሚናገር መጽሐፍ አይቸግራቸውም። ስለ ጥሪ፣ ስለ ሥልጠና፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን ተከላና ስለ መሪነት የተጻፈው መደርደሪያ ይሞላል። አገልጋዩ መድረኩን ከለቀቀ በኋላ ስላለው ዘመን የተጻፈው ግን ጥቂት ነው፤ ያለውም አብዛኛው ማጽናኛ እንጂ ሥነ መለኮት አይደለም። ስለዚህ ሦስት በዓለም ዙሪያ የታወቁ አገልጋዮች በአምስት ዓመት ውስጥ ተከታትለው ስለ እርጅና መጻፋቸው ትኩረት ይገባዋል። እንግሊዛዊው ጆን ስቶት «ሥር የሰደደ ደቀ መዝሙር» ልንለው የምንችለውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2010፣ አሜሪካዊው ቢሊ ግራሃም «ወደ ቤት ስንቃረብ» የሚለውን በ2011፣ በእንግሊዝ ተወልደው በካናዳ ያስተማሩት ጄ. አይ. ፓከር ደግሞ «ሩጫችንን በደስታ መፈጸም» የሚለውን በ2014 አሳተሙ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የመጻሕፍቱን ርዕሶች ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ።) ስቶትና ፓከር የአንግሊካን ቄሶች፣ ግራሃም የባፕቲስት አገልጋይ ነበሩ። ሦስቱም ሲጽፉ ዕድሜያቸው ከ85 አልፎ ነበር።

ሦስቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ያነበበ ሰው አንድ ጥያቄ ይዞ ይነሣል። መሥራት ያቆመ አገልጋይ በእግዚአብሔር ቤት ውስጥ ምንድን ነው? ግራሃምና ፓከር በየራሳቸው መንገድ «አሁንም ይጠቅማል» ብለው ይመልሳሉ። ስቶት ግን በመጽሐፋቸው መጨረሻ አካባቢ በምትገኝ አንዲት አጭር ምዕራፍ ሌላ ነገር ይናገራሉ። እኔ የስቶት መልስ ለወንጌል የቀረበ ነው እላለሁ፤ ነገር ግን እርሱም ቢሆን ያልተመለሰ ጥያቄ ትቶ ያልፋል፤ ያ ጥያቄ ደግሞ ለእኛ ቤተ ክርስቲያን ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልጋት ነው።

በግራሃም መጽሐፍ ላይ ብዙ አልቆይም። ጸሐፊው የመጨረሻውን ታላቅ የወንጌል ስብከት ጉባኤያቸውን በሰኔ 2005 በኒው ዮርክ ካካሄዱ በኋላ በሰሜን ካሮላይና ተራሮች መካከል በምትገኘው በሞንትሪት ወደሚገኘው ቤታቸው ገብተዋል። ባለቤታቸው ሩት በ2007 ዐርፈዋል። መጽሐፉ ሲወጣ 92 ዓመታቸው ነበር። በመግቢያው ላይ የሚያቀርቡት ሐሳብ ከመጽሐፉ ሁሉ የሚበልጥ ነው፤ እንደ ክርስቲያን እንዴት እንደሚሞት ዕድሜያቸውን ሁሉ ሲማሩ መኖራቸውን፣ ከሞት በፊት ባሉት የእርጅና ዓመታት እንዴት እንደሚኖር ግን ማንም እንዳላስተማራቸው ይናገራሉ። ለሚሊዮኖች የሰበከ ሰው ይህን ሲናገር የሥነ መለኮት ትምህርት ቤቶችን ሁሉ የሚጠይቅ ቃል ነው። የሚያሳዝነው መጽሐፉ ራሱ ጥያቄውን እስከ ሥሩ አለመከተሉ ነው። ስለ ሐዘን፣ ስለ ልጅ ልጆች፣ ስለ ሰውነት መድከም በጎና ሞቅ ያለ ምክር ይሰጣል፤ ከዚያ ወደ ተለመደው የወንጌል ጥሪ ይመለሳል። ስለ ሩት የሚናገሩባቸው ቦታዎች ግን ሊነበቡ ይገባል። በእነዚያ ገጾች ሰባኪው ሰባኪ መሆናቸውን ረስተው ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ሆነው ይታያሉ።

የፓከር መጽሐፍ ከመቶ ገጽ ብዙም የማይበልጥ ትንሽ መጽሐፍ ሲሆን አቋሙ ግን ጠንካራ ነው። ፓከር የሚዋጉት አንድ ልማድ አለ። የምዕራቡ ኅብረተሰብ ጡረታን የዕረፍትና የመዝናኛ ዘመን አድርጎ ያያል፤ ሰው ከሥራ ከወጣ በኋላ ለራሱ ይኑር፣ ይጓዝ፣ ይደሰት ይላል። ፓከርን የሚያበሳጫቸው ይህ ብቻ አይደለም። ቤተ ክርስቲያንም ይህንኑ ተቀብላ ለአረጋውያን ምእመናን የሽርሽርና የመጫወቻ ፕሮግራም ከማዘጋጀት በቀር መማርና ማገልገል እንዳለባቸው ማሳሰብን ትታለች ይላሉ። መንፈሳዊ ስጦታ በዕድሜ አያረጅም፤ ካልሠሩበት ግን ይዝጋል። ስለዚህ አዛውንቱ በመጨረሻው ዙር ላይ እንዳለ ሯጭ ጉልበቱን አሰባስቦ ወደፊት ይገስግስ። ፓከር ይህን ሲሉ የሰውነትን ድካም አልደበቁም፤ የራሳቸውን የዳሌ ሕመምና ቀዶ ሕክምና ያነሣሉ።

ይህ ተግሣጽ ተገቢ ነው። በአዲስ አበባም ቢሆን ጡረታ የወጣ የቤተ ክርስቲያን አባል ከመዝሙር ቡድኑም ከሰንበት ትምህርቱም ወጥቶ ከኋላ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ማየት የተለመደ ነው፤ ማንም ምን ልታስተምረን ትችላለህ ብሎ አይጠይቀውም። ፓከር ይህን ወንበር ነቅንቀዋል።

ችግሩ የሯጩ ምሳሌ ለማይሮጠው ቦታ የሌለው መሆኑ ነው። አልጋ ላይ የዋለው፣ የልጆቹን ስም የረሳው፣ ጸሎት ሲጀምር መሐል ላይ የሚጠፋበት ሽማግሌ አገልጋይ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የቱ ጋ ነው? ፓከር የሚችለውን ያህል ያድርግ ይሉ ይሆናል። ነገር ግን የሚችለው ምንም ካልሆነስ? ጥያቄው በጸሐፊው ሕይወት ውስጥ ራሱ መጣ። መጽሐፉ ከወጣ ሁለት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2016 መጀመሪያ፣ የዓይናቸው ብርሃን በመጥፋቱ ከዚያ በኋላ ማንበብም፣ መጻፍም፣ እየተጓዙ ማስተማርም እንደማይችሉ አስታወቁ። ዜናውን ያለ ማጉረምረም፣ ከእግዚአብሔር እጅ እንደተቀበሉት አድርገው ነው የነገሩት። እስከ ዕረፍታቸው እስከ 2020 ድረስ ያሉት ዓመታት መጽሐፉ ያልደረሰበት ምዕራፍ ናቸው ማለት ይቻላል። እኔ ፓከርን ከዚህ መጽሐፍ ይልቅ በዚያ ዝምታቸው ዘመን ብሰማቸው እመርጥ ነበር።

የሯጩ ምሳሌ ከጳውሎስ የተወሰደ ስለሆነ ወደዚያው መመለስ ይጠቅማል። ስለ አገልግሎት ፍጻሜ ሲሰበክ 2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥7 ሳይጠቀስ አይቀርም፤ በስንብት ፕሮግራም ላይ፣ በቀብር ላይ፣ በመቃብር ድንጋይ ላይም እናነበዋለን። ሰባኪው ብዙውን ጊዜ በቁጥር 8 ላይ ያቆማል። ጳውሎስ ግን አላቆመም። ሁለት መስመር ሳይርቅ ጢሞቴዎስን ቶሎ ና ይለዋል። ዴማስ ትቶት ሄዷል፤ ከእርሱ ጋር ያለው ሉቃስ ብቻ ነው፤ ማርቆስን ይዞ እንዲመጣ ይፈልጋል። በጢሮአዳ የተወውን በርኖስና መጻሕፍቱን እንዲያመጣለት ይለምናል፤ ከክረምት በፊት እንዲደርስ ያሳስባል። ሩጫውን የጨረሰው ሐዋርያ ብርድ የሚሰማው፣ ልብሱን የሚያመጣለት ሰው የሚጠብቅ ሽማግሌ ነው። ቁጥር 7 እና ቁጥር 13 የአንድ ሰው ቃላት ናቸው፤ እኛ ግን የመጀመሪያውን ሰብከን ሁለተኛውን እንደ ጓዝ ዝርዝር ዘልለነዋል።

ብሉይ ኪዳንም ስለ አገልጋዮች ጡረታ በግልጽ የሚናገርበት ቦታ አለው። ዘኍልቍ 8፥23–26 ሌዋዊ ከ25 ዓመቱ ጀምሮ በመገናኛው ድንኳን እንዲያገለግል፣ 50 ሲሞላው ግን ከሥራው እንዲመለስ ያዝዛል። ከወንድሞቹ ጋር ሆኖ ይጠብቃል፣ ይረዳል፤ ሥራውን ግን አይሠራም። ይህን ክፍል የምናነበው በጣም ጥቂት ጊዜ ነው። የሌዋዊው ሥራ ምን እንደነበረ ስናስታውስ ትርጉሙ ይጎላል። ምዕራፍ 4 እንደሚያሳየው ሥራው በአብዛኛው ሸክም ነበር፤ መጋረጃውን፣ ሳንቃውን፣ ምሰሶውን መሸከም። የቀዓት ልጆች ንዋየ ቅድሳቱን በትከሻቸው ይሸከሙ ስለነበር ሰረገላ እንኳ አልተሰጣቸውም (7፥9)። ስለዚህ ሕጉ የሚለው፣ ተሸካሚው መሸከም የሚያቆምበት ቀን አለ፤ ያ ቀን ሲደርስም ከድንኳኑ አይባረርም ነው። ኑሮውስ? ዐሥራቱ በምዕራፍ 18 ስለ አገልግሎታቸው ለሌዊ ልጆች በነገድነታቸው ተሰጥቷል። 50 ዓመት የሞላው ከድርሻው ይጎድላል የሚል ቃል ግን የለም።

ይህን ይዘን ወደ ስቶት እንምጣ።

ስቶት በ1921 ተወልደው፣ በለንደን በሚገኘው በኦል ሶልስ ቤተ ክርስቲያን ከ1945 ጀምሮ በረዳትነት፣ ከ1950 እስከ 1975 ደግሞ በዋና መጋቢነት አገለገሉ። አላገቡም። የኖሩት ከመጋቢው ቤት ጋራዥ በላይ በተሠራ ትንሽ ቤት ውስጥ ነበር። ከመጽሐፎቻቸው የሚገኘውን ገቢ በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ ላሉ መጋቢዎችና የሥነ መለኮት ትምህርት ቤቶች መጻሕፍት እንዲገዛበት ሰጥተዋል። ጧት በጣም ማልደው ይነሡ፣ ከቀትር በኋላ ለአጭር ጊዜ ጋደም ይሉ ነበር። በዌልስ የባሕር ዳርቻ ባለች ጎጆ ተቀምጠው በእጃቸው ይጽፉ ነበር፤ ኮምፒውተር አልተጠቀሙም። ወፎችን መመልከት ከልጅነታቸው ጀምሮ የወደዱት ነገር ስለነበር በ1999 ራሳቸው ካነሷቸው ፎቶግራፎች ጋር ስለ ወፎች መጽሐፍ አሳትመዋል። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ስቶት በሥርዓት የኖሩ፣ ራሳቸውን የገዙ፣ ጊዜያቸውን በደቂቃ የሚቆጥሩ ሰው መሆናቸው ካልታወቀ ምዕራፉ ስለማይገባ ነው። እንደ እርሳቸው ያለ ሰው በሌላ ሰው እጅ ላይ መውደቅ ምን እንደሆነ ከማንም ይልቅ ይሰማዋል።

«ሥር የሰደደ ደቀ መዝሙር» ስምንት የደቀ መዝሙርነት ባሕርያትን ያስተምራል። ዓለምን አለመምሰል፣ ክርስቶስን መምሰል፣ ብስለት፣ ለፍጥረት መጠንቀቅ፣ ቀላል ኑሮ፣ ሚዛናዊነት፣ በሌላ ላይ መደገፍ፣ ሞት። ከስድስቱ የመጀመሪያዎቹ ብዙው ከዚህ ቀደም በሌሎች መጻሕፍቶቻቸው የተናገሩት ነው፤ የስቶትን ሥራዎች ያነበበ ሰው አዲስ ነገር ብዙም አያገኝባቸውም። ስለ ሞት የሚናገረው የመጨረሻው ምዕራፍም፣ ሕይወት በሞት በኩል እንደሚመጣ ከድነት እስከ ሰማዕትነት የሚከተል፣ በጥሩ ሁኔታ የተደራጀ ስብከት ነው። ሰባተኛው ምዕራፍ ብቻ ከሌላ ቦታ የመጣ ይመስላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በነሐሴ 2006፣ በ85 ዓመታቸው፣ ስቶት በቤታቸው ውስጥ ተደናቅፈው ወደቁ፤ ዳሌያቸው ተሰበረ፤ ከወደቁበት መነሣት አልቻሉም። ወደ ሆስፒታል ተወስደው ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን በምዕራፉ ይተርካሉ። የአካል ድካም ብቻ አልነበረም፤ የስሜት ድካምም መጣ፤ ሳይጠብቁት እንባ ይቀድማቸው ነበር። በዕድሜ ዘመናቸው ሁሉ ሌሎችን ያስተማሩ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሳያስጌጡ ያስቀምጡታል። በሚያዝያ 2007 ከሕዝብ አገልግሎት መውጣታቸውን አስታወቁ፤ በዚያው ዓመት በኬዚክ ጉባኤ የመጨረሻ ንግግራቸውን አደረጉ፤ በሊንግፊልድ ወደሚገኘው ጡረታ የወጡ የአንግሊካን ቄሶች መኖሪያ ገቡ። እስከ ዕረፍታቸው እስከ ሐምሌ 2011 በዚያ ኖሩ።

ከትረካው በላይ የሚመዝነው ከትረካው የወጣው ትምህርት ነው። ብዙ አዛውንት ክርስቲያኖች ሸክም መሆን አልፈልግም ይላሉ፤ ንግግሩም ትሕትና ይመስላል። ስቶት ይህ ስሕተት ነው ይላሉ። ሰው ገና ከጅምሩ በሌሎች ላይ ሸክም ሆኖ ተፈጥሯል፤ ወደዚህ ዓለም የምንመጣው ሙሉ በሙሉ በሌሎች ተደግፈን ነው፤ ከዓለም ስንወጣም ብዙዎቻችን እንደዚያው ነን፤ በመካከል ባለው ዘመን ደግሞ ሌሎች በእኛ ይደገፋሉ። ገላትያ 6፥2 የሚያዘው አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲሸከም ነው፤ ሸክም የሚሆን ሰው ከሌለ ትእዛዙ አይፈጸምም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ክርስቶስ ራሱ ይህን ተቀብሏል። በሌላ ሰው እጅ የሚመገብ፣ በሌላ ሰው እጅ የሚታጠብና የሚለብስ ሕፃን ሆነ፤ በመስቀል ላይም እጅና እግሩን ማንቀሳቀስ የማይችል ሆነ። እንዲህ ሲሆን ግን መለኮታዊ ክብሩ አልጎደለም። እርሱ በዚህ ውስጥ ክብሩን ካላጣ ሌላውም ሰው አያጣም።

ይህ ትምህርት ለወንጌላውያን የተሐድሶ ልብ ነው። ሰው በሥራው ሳይሆን በጸጋ ይጸድቃል ብለን እናስተምራለን። ጡረታ የዚህ ትምህርት ፈተና ነው። አገልጋዩ ሲሠራ በጸጋ እንደሚኖር መናገር ቀላል ነው፤ ሥራው ሲወሰድበት ምን እንደያዘ ይታያል። የሽምግልናን ዋጋ «አሁንም ይጠቅማል» በሚል ብቻ የምንመዝን ከሆነ፣ በአስተምህሮ ከበር ያስወጣነውን የሥራ ጽድቅ በጡረታ መስኮት መልሰን አስገብተናል። ሉተር በ1546 በአይስሌበን ሲያርፍ በተገኘችው ቁራጭ ጽሑፍ ላይ ሁላችንም ለማኞች ነን የሚል ሐሳብ አስፍሮ ነበር። ስቶት ሉተርን ጠቀሱም አልጠቀሱ፣ ምዕራፋቸው የቆመው በዚያው ቦታ ላይ ነው።

ነገር ግን ሁለት ነገሮች ይቀራሉ።

አንደኛው ከቅዱሳት መጻሕፍት ነው። በ2ኛ ሳሙኤል 19 ላይ የ80 ዓመቱ ቤርዜሊ ከዳዊት ጋር ወደ ኢየሩሳሌም እንዲሄድ ሲጋበዝ፣ የሚበላውንና የሚጠጣውን እንኳ መለየት እንደማይችል፣ የዘፋኞችንም ድምፅ እንደማይሰማ ተናግሮ፣ ለንጉሡ ለምን ሸክም እሆናለሁ ይላል። በከተማው፣ በአባቱና በእናቱ መቃብር አጠገብ መሞት ይፈልጋል፤ በራሱ ፈንታ ሌላ ሰው ያቀርባል። ዳዊት አልገሠጸውም፤ ሳመው፤ ባረከውም። ስለዚህ ሸክም መሆን አልፈልግም የሚል ቃል ሁሉ ትዕቢት አይደለም። ቤርዜሊ በቤቱ፣ በሰዎቹ መካከል መደገፍን አልጠላም፤ በቤተ መንግሥት እንደ እንግዳ መጦርን ነው ያልፈለገው። ስቶት ይህን ልዩነት አላደረጉም። ሽማግሌው የሚደገፍበትን ቦታና ሰው የመምረጥ መብት አለው ወይ? ለዚህ ጥያቄ በምዕራፉ ቦታ አልተሰጠም።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። ምዕራፉ የተጻፈው ከአልጋው ላይ ሆኖ ነው፤ አልጋው አጠገብ የቆመው ሰው በውስጡ ብዙም አይታይም። ስቶት ብቻቸውን አልነበሩም። ጸሐፊያቸው ፍራንሲስ ዋይትሄድ ከ1956 ጀምሮ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አብረዋቸው ሠርተዋል። በየጊዜው የሚለዋወጡ ወጣት የጥናት ረዳቶች ነበሯቸው። ወዳጃቸው የሆኑት ሐኪሙ ጆን ዋያት በምዕራፉ ውስጥ ሐሳባቸውን አካፍለዋል። ለጡረተኛ ቄሶች የተዘጋጀ መኖሪያ ነበረ። ይህ ሁሉ መኖሩ ስሕተት አይደለም፤ እንዲያውም የአንዲት ቤተ ክርስቲያን ታማኝነት ምልክት ነው። ሸክም መሆን መልካም ነው የሚለው ቃል ግን ተሸካሚዎች ተደራጅተው በሚጠብቁበት ቤት ሲነገርና ማንም በሌለበት ቤት ሲነገር አንድ አይደለም።

እዚህ ላይ ነው መጽሐፉ ወደ እኛ የሚመጣው። ቋንቋችን ከስቶት ቀድሞ አንድ ነገር ያውቃል። በእንግሊዝኛ ጡረታን የሚገልጸው ቃል ገለል ማለትን፣ ወደ ኋላ መሳብን ያመለክታል። የእኛ ቃል «ጦረ» ከሚለው ግሥ ነው የመጣው፤ ያረጀን ወላጅ አበላ፣ አለበሰ፣ ደገፈ ማለት ነው። ጡረታ ማለት እንግዲህ በሥሩ መጦር ነው፤ ሌላ ሰው በውስጡ አለ። «ጧሪ ቀባሪ ይስጥህ» ብሎ የሚመርቅ ሕዝብ መደገፍን እንደ ውርደት አይቆጥርም። ያው ሕዝብ ግን ሰው ላይ ሳልከብድ፣ አልጋ ሳልይዝ ጥራኝ ብሎ ይጸልያል፤ በሽማግሌ መጋቢዎቻችንም አፍ ይህን ጸሎት እንሰማለን። በአንድ በኩል ጧሪ መኖሩ በረከት ነው፣ በሌላ በኩል መጦር የሚፈራ ነገር ነው። ስቶት የሚናገሩት ለዚህ ፍርሃት ነው።

የኢትዮጵያ ወንጌላውያን ስለ አገልጋይ እርጅና ትንሽ የጻፍነው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። የአገልጋይነት ምሳሌያችን የተቀረጸው በስደት ዘመን ነው። ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1979 ሲገደሉ 50 ዓመታቸው ነበር፤ ሌዋዊው ሸክሙን በሚያወርድበት ዕድሜ። የታሰሩትን፣ ያለ ደመወዝ ያገለገሉትን፣ በየቤቱ በድብቅ የሰበኩትን አባቶች ታሪክ እየሰማን አድገናል። ይህ ርስት ትልቅ ነው። ነገር ግን ሰማዕት የሆነ አገልጋይ አያረጅም። ከእስር ወጥተው በሕይወት የቆዩት አርጅተዋል፤ ስለ እነርሱ እርጅና የሚናገር ሥነ መለኮት ግን አላዘጋጀንም።

ልምዳችንን ለማየት አንድ የስንብት ፕሮግራም በቂ ነው። ጋቢ ይለበሳል፣ የምስክር ወረቀት ይሰጣል፣ 2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥7 ይነበባል፣ ፎቶ ይነሣል። በሚቀጥለው ወር ደመወዙ ይቆማል። የመንግሥት ሠራተኛ በ60 ዓመቱ በሕግ የተወሰነ ጡረታ ይዞ ይወጣል፤ በአጥቢያው ምእመናን መዋጮ ሲኖር ለቆየ የገጠር ወንጌላዊ ግን ብዙ ጊዜ የተቀመጠለት ነገር የለም። (ጳውሎስ በ1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥9 ለመበለቶች መዝገብ ያስቀመጠው ዕድሜም 60 ነው፤ የመጀመሪያዋ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነበራት።) ከዚያ ወዲያ ያለው ለልጆቹ ይተዋል። ልጅ ውጭ አገር ካለ ገንዘብ ይልካል፤ ገንዘብ ደግሞ በሌሊት ውኃ አያቀብልም። ውኃውን የምታቀብለው ቤት የቀረችው ሴት ልጅ ወይም ምራት ናት፤ እርሷ ከመዘምራን ቀርታለች፣ ከጸሎት ስብሰባ ቀርታለች፣ ለምን እንደቀረች የጠየቃትም ሰው ላይኖር ይችላል።

በየአጥቢያው የምናየው የመሪነት ርክክብ ጠብም ከዚህ ጋር ግንኙነት አለው ብዬ አምናለሁ። ሽማግሌው መጋቢ ወንበሩን አልለቅም ሲል ሥልጣን ወዳድ ነው እንላለን። አንዳንዱ እውነት ነው። ነገር ግን ከወንበሩ በኋላ የቤት ኪራይ የሚከፈልበት ነገር የሌለውን ሰው ወንበሩን እንዲለቅ መጠየቅ፣ በሥነ ምግባር ስም የኢኮኖሚ ጥያቄን መሸሽ ነው። ከዚያም በላይ፣ ለአርባ ዓመት ሰውነቱ በሥራው ብቻ የተመዘነ ሰው ሥራውን ሲያጣ ራሱን የሚያጣ ከመሰለው፣ እንዲህ ብለን ያስተማርነው እኛው ነን። የፓከር መጽሐፍ ብቻውን ቢተረጎም ይህን ሰው ወንበሩ ላይ የበለጠ ያጠነክረዋል፤ የመጨረሻውን ዙር እየሮጥኩ ነው ይላልና። የስቶት ምዕራፍ ብቻውን ቢተረጎም ደግሞ ቤተ ክርስቲያኒቱ መደገፍ ክብር ነው ብላ ሰብካ ድጋፉን ለምራቲቱ ትተውለታለች። ማርቆስ 7፥9–13 ላይ ጌታ የገሠጻቸው ሰዎችም ለእግዚአብሔር ሰጥተናል በሚል ቃል ወላጆቻቸውን ሳይጦሩ የቀሩት ናቸው።

ስለዚህ በኮሌጆቻችን የእረኝነት ትምህርት ውስጥ ሁለቱ በአንድነት ቢነበቡ ይሻላል፤ ፓከር ለ60 ዓመቱ፣ ስቶት ለ80 ዓመቱ። ከግራሃም ደግሞ መግቢያውና ስለ ሩት የተጻፉት ገጾች ይበቃሉ። ከጎናቸው ዘኍልቍ 8፣ 2ኛ ሳሙኤል 19 እና የ2ኛ ጢሞቴዎስ 4 ሙሉ ምዕራፍ እስከ ሰላምታው ድረስ ይቀመጡ። መዝሙር 71ንም እጨምራለሁ፤ በዚያ አንዱ ሽማግሌ በቁጥር 9 ጉልበቴ ሲያልቅ አትተወኝ እያለ ይለምናል፣ በቁጥር 18 ደግሞ ለሚመጣው ትውልድ ገና የምነግረው አለኝ ይላል፤ ስቶትም ፓከርም በአንድ መዝሙር ውስጥ አሉ። ተማሪዎቹ ካነበቡ በኋላ የሚሠሩት የቤት ሥራ የመጽሐፍ ዘገባ ባይሆን እመርጣለሁ። በአጥቢያቸው አልጋ ላይ የዋለ አንድ አገልጋይ ቤት ሄደው፣ እርሱን ሳይሆን የምታስታምመውን ሰው ያናግሩ፤ በስንት ሰዓት እንደምትተኛ፣ ማን እንደሚተካት፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደመጣች ጠይቀው ይጻፉ። ስቶት ያልጻፉት ምዕራፍ ከእርሷ ዘንድ ነው ያለው።